የዶክተር ይመር ሐሰተኛ ጉላሽ

ዶክተር ይመር መሞታቸውን የሰማሁት ወልድያ ገበያ ውስጥ ሽንኩርት ስመርጥ ነው። የደወሉልኝ መርሳ አብረዋቸው የሚኖሩት እህታቸው፣ እትዬ ፋጡማ፣ ናቸው።

«ወንድሜ ዛሬ ከፈጅር በኋላ ሄደ። ከዙሁር በኋላ እንቀብረዋለን» አሉኝ። ድምፃቸው ደህና ነበር።

«እሽ፣ እመጣለሁ» አልሁ።

ስልኩን ዘጋሁና ሁለት ኪሎ ሽንኩርት አስመዘንሁ። ለምን እንደገዛሁት አላውቅም። ቤት ሳላደርሰው መናኸሪያ ሄድሁ፤ የመርሳ ሚኒባስ ውስጥ ገብቼ ፌስታሉን ጭኔ ላይ አስቀመጥሁ። መንገዱን ሙሉ አላለቀስሁም። ማልቀስ ካቆምሁ ቆይቷል። ሰው ሞተ ሲሉኝ እሰማለሁ፣ እሄዳለሁ፣ እቀመጣለሁ፣ እመለሳለሁ። እናቴን ስቀብርም እንደዚያው ነበርሁ።

ዶክተር ይመር የሐብሩ ወረዳ የእንስሳት ሐኪም ነበሩ። እኔ ኮሌጅ ጨርሼ መርሳ እንስሳት ክሊኒክ የተመደብሁት በእሳቸው ሥር ረዳት ሆኜ ነው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ዝግ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። በደርግ ጊዜ ነጻ የትምህርት ዕድል አግኝተው ሃንጋሪ ሄዱ፤ ከዓመታት በኋላ የሐኪም ዲግሪና አንድ የብረት ድስት ይዘው ተመለሱ። ሚስታቸው ቀደም ብለው ሞተዋል፤ ልጅ የላቸውም።

ሥራ በጀመርሁ በመጀመሪያው ሳምንት፣ የሚታከም በሬ ይዤ ቆሜ ሳለ፣ ዞር አሉና «እመቤት፣ ቅዳሜ እኛ ቤት ነይ። ጉያሽ አለ» አሉኝ።

ደነገጥሁ። ትልቅ ሰው ናቸው፣ አለቃዬ ናቸው። የበሬውን ቀንድ ጠበቅ አድርጌ ያዝሁ። ከሰዓት በኋላ መዝገብ ቤት ለምትሠራው ልጅ ብነግራት እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። «ምግብ ነው» አለችኝ። «የፈረንጅ ሾርባ። ለሁላችንም እንደዚያ ብለውናል። ያገሩ ሴት ሁሉ ተቆጥቶ ተቆጥቶ ነው የተዋቸው።»

ሌላው ሰው ጉላሽ ነበር የሚለው። እሳቸው ግን ይህን እስከ መጨረሻው አልተቀበሉትም። «ለ ፊደሏ ትጻፋለች እንጂ አትነበብም። ጉያሽ ነው። የከብት ጠባቂ ማለት ነው» ይሉ ነበር። በመርሳም በአቅራቢያዋ ባለችው ግራናም ስማቸው «ዶክተር ጉላሽ» ሆኖ ቀረ። ሲጠሯቸው አቤት ይላሉ፤ ከዚያ ቀስ ብለው ያርማሉ።

ቅዳሜ ሄድሁ። ጓሯቸው ውስጥ ሦስት እንጨት አናቱ ላይ ታስሮ ቆሟል፤ ድስቱ ከመካከሉ በሰንሰለት ተንጠልጥሏል። ግድግዳው ላይ ቀይ በርበሬ በክር ተሰክቶ ተሰቅሏል። ዘሩን ከዚያ አገር ነው ያመጡት፤ በመስኖ ውኃ ያለሙታል። አንዱን ቆርሼ ብቀምሰው አያቃጥልም።

«ይሄማ ቀለም ብቻ ነው» አልኋቸው።

«እትዬ ፋጡማሽም እንደዚያ ነው የምትለው» አሉና ሽንኩርቱን መክተፍ ቀጠሉ።

ሽንኩርቱ በዘይት ቀስ ብሎ ይበስላል። ሲለሰልስ ድስቱን በጨርቅ ይዘው ከእሳቱ ያወርዱታል። በርበሬውን የሚጨምሩት መሬት ላይ ካስቀመጡት በኋላ ነው፤ እሳት ላይ ከተጨመረ ያርርና ይመራል። ድስቱን ሲያወርዱ ማንም እንዲያናግራቸው አይፈልጉም። ከዚያ ሥጋው ይገባል፤ ቆይቶ ውኃ፣ ድንች፣ ካሮት። መጨረሻ ላይ ሊጥ በጣት እየተቆነጠረ ይጨመራል። ወጥ እንዲሆን አያስወፍሩትም። «ጉያሽ ወፍሮ ከመጣልሽ ሌላ ምግብ ነው፤ እነሱ ለዚያ ሌላ ስም አላቸው። ይሄ ሾርባ ነው። በማንኪያ ነው» ይላሉ።

የእኔን ድስት ለብቻው ትንሽ እሳት ላይ ጥደውት ነበር። እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ እሳቸው ሙስሊም ናቸው፤ አንዱ ያረደውን ሌላው አይበላም። ይህን አላነሣሁም፣ እሳቸውም አላነሡም። በእኔ ድስት ውስጥ ያው ሽንኩርት፣ ያው በርበሬ፣ ድንችና ቁንጥር ሊጥ ነበር፤ ሥጋ ብቻ የለውም።

«ይሄ ሐሰተኛ ጉያሽ ነው» አሉኝ። «እኔ ስም አውጥቼለት አይደለም፤ እነሱ ራሳቸው እንደዚያ ነው የሚሉት። ሥጋ ሲጠፋ የሚሠራ። የተከራየሁባት አሮጊት ከተማቸው በጦር ተከብቦ በነበረ ጊዜ ይሄንኑ እየሠራች ልጆቿን እንዳሳደገች ነግራኛለች። እኔንም ያስተማረችኝ እሷ ናት። አሳማ እንደማልበላ ስታውቅ ስቡን ተወችልኝና በዘይት ትሠራልኝ ጀመር።»

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድሁ የጉላሹን ነገር ብዙ ሰማሁ። አንድ ጊዜ ተቀምጠው አይተርኩትም። ድንች እየላጡ ትንሽ፣ እሳት እየቆሰቆሱ ትንሽ ነው። የዚያ አገር ከብት ጠባቂዎች ሜዳ ላይ ወራት ይኖራሉ፤ ከብቱን በእግር እየነዱ ሌላ አገር ገበያ ድረስ ይወስዳሉ። ሥጋውን በሽንኩርት ፈሳሹ እስኪያልቅ አብስለው ፀሐይ ላይ ያደርቁታል፣ ከበግ ጨጓራ በተሠራ ከረጢት ይይዙታል። ሲርባቸው አንድ እፍኝ ድስት ውስጥ ጨምረው ውኃ ያፈሉበታል።

«ቋንጣ ነዋ» አልሁ።

«ቋንጣ ነው» አሉ። «ያን ጊዜ በርበሬም አልነበረውም። በርበሬ ቆይቶ በቱርኮች በኩል ነው የገባው ይባላል። ጌቶቹ ለጌጥ አትክልት ቦታቸው ውስጥ ተከሉት። ድሃው የውጭ ቅመም የሚገዛበት ስለሌለው እሱን ወጡ ውስጥ ጨመረ።»

«ጌቶቹስ?»

«ጌቶቹ የእረኛ ምግብ አይነኩም ነበር። በኋላ ከሌላ አገር የመጣው ንጉሣቸው ቋንቋችሁን ተዉና በእኔ ቋንቋ ጻፉ ሲላቸው ደነገጡ። የእኛ የምንለው ምን አለን ብለው ዙሪያቸውን ሲያዩ የእረኛውን ድስት አገኙ። ማዕዳቸው ላይ አቀረቡት። ወታደሩም በላው፤ ዛሬ አገራቸው የሚታወቅበት እሱ ሆኗል።»

አባታቸው ግራና አካባቢ የሰው ከብት በክፍያ የሚጠብቁ ሰው ነበሩ። ይህንንም የነገሩኝ ድንች ሲልጡ ነው። «ትምህርት ቤት የከብት ጠባቂ ልጅ እያሉ ይሰድቡኝ ነበር። እዚያ ስሄድ፣ በሄድሁ በሦስተኛው ቀን፣ ምግብ ቤት አስገቡንና ከምግቡ ሁሉ በላይ የምንኮራበት ይሄ ነው፣ ስሙ ከብት ጠባቂ ነው አሉን። እስኪበርድ ድረስ ሳልበላ አየሁት።»

ወልድያ ለስብሰባ በሄድን ጊዜ አንድ ሆቴል የምግብ ዝርዝሩ ላይ ጉላሽ የሚል አይተው አዘዙ። የመጣላቸው በቲማቲም የተጠበሰ ሥጋ ነበር። አልተቆጡም። ሳህኑን ይዘው ወጥ ቤት ገቡ። ብዙ ቆይተው ሲወጡ የሆቴሉ ምግብ አብሳይ አብራቸው ወጣች፤ አሠራሩን ወረቀት ላይ ጽፋለች። ስብሰባው አመለጣቸው።

አንድ ጊዜ እዚያ አገር ስለኖሩበት የሶሻሊዝም ዘመን ጠየቅኋቸው። «ሥርዓታቸውን ራሱ በጉያሽ ስም ይጠሩት ነበር። መንግሥት ድስቱን ይሞላል፣ ሕዝቡ ዝም ይላል» አሉኝ።

«ጥሩ ነበር?»

«ሆድ ይሞላ ነበር» አሉና እሳቱን ቆሰቆሱ።

ጡረታ በወጡ በዓመታቸው ጦርነቱ መርሳ ደረሰ። ያን ጊዜ የሆነውን ሁሉ አልጽፍም። መንገዱ ተዘጋ፣ ገበያው ተዘጋ፣ ጤና ጣቢያው ባዶ ሆነ። ክሊኒካችን በሩ ተገንጥሎ መድኃኒቱ ተወሰደ። ዶክተር ይመር አስቀድመው ቤታቸው የወሰዱት ጥቂት ፔኒሲሊን ብቻ ቀረ። እኔና እናቴ ለሁለት ሳምንት ከንፍሮ ሌላ አልበላንም። እናቴ መቀነቷን በየቀኑ ታጠብቅ ነበር። አታማርርም። ጠዋት ስነሣ ግን ዓይኗን ጨፍና ሳትተኛ አገኛታለሁ።

በጥቅምት፣ አንድ ጠዋት፣ ጎረቤታችን ጋሽ እብሬ የቀራቸው አንድ በሬ ወደቀ ተባለ። ጋሽ እብሬ ሽማግሌ ሙስሊም ገበሬ ናቸው፤ ሌሎቹ ከብቶቻቸው ተወስደውባቸዋል። ሳይሞት ደረስሁበት ብለው ባረኩት። የሰፈሩ ሰው ሳህን እየያዘ መጣ። ጋሽ እብሬም ዋጋ ሳይጠይቁ ለመጣው ሁሉ መቁረጥ ጀመሩ።

ደሙን አየሁት። ጠቁሯል፣ አልረጋም። ከአፍንጫውም እየወጣ ነበር። ይህ ምን እንደሆነ ከማንም በላይ የማውቅ እኔ ነበርሁ፤ አምስት ዓመት እሳቸው አጠገብ ቆሜ የተማርሁት ነው። እጄን ዘረጋሁ። ጋሽ እብሬ አንድ ቁራጭ ሰጡኝ። ነጠላዬ ሥር ደብቄ በአጥሩ ጀርባ ስወጣ፣ ሰይድ ሸማኔውም ጋቢው ሥር ደብቆ እየወጣ ነበር። ሰይድ ከእኛ ቤት ሁለት አጥር አልፎ የሚኖር፣ ሦስት ልጆች ያሉት ሰው ነው። ተያየን።

ለእናቴ ቀቀልሁላት። ማን እንዳረደው አልነገርኋትም። እሷም አልጠየቀችኝም። ዓይኔን ሳታይ በላች።

ስመለስ ዶክተር ይመር ደርሰዋል። በሬው ራስጌ ቁጢጥ ብለው ደሙን በእንጨት እየነኩ ነበር።

«ጋሽ እብሬ፣ ቢላዋውን ያስቀምጡ» አሉ።

«ለምን?»

«አባሰንጋ ነው። የበላውንም የነካውንም ሰው ይገድላል።»

«ሳይሞት ነው ያረድሁት።»

«አውቃለሁ።»

«ልጆቹ ርቧቸዋል፣ ይመር።»

«አውቃለሁ» አሉ ዶክተር ይመር።

ከኋላ አንድ ሰው «አውሮፓ የተማረ ረሃብ አያውቅም» አለ። ዶክተር ይመር ዞር አላሉም። ለፋኖስ ያስቀመጡትን ላምባ ከቤታቸው አምጥተው ሥጋው ላይ አፈሰሱት። ሰው ሁሉ ያየው ነበር። ማንም አልተንቀሳቀሰም። አንዲት ሴት ሳህኗን መሬት ላይ አስቀምጣ ተቀመጠች። ከዚያ ጉድጓድ አስቆፈሩ፤ በሬው ከነቆዳው ተቃጥሎ ተቀበረ። እኔ አፈር ስመልስ ዋልሁ። ጋሽ እብሬና ልጃቸው ደሙን ስለነኩ የዚያኑ ቀን መርፌ ወጓቸው። ጋሽ እብሬ ክንዳቸውን ሰጥተው ፊታቸውን አዞሩ።

በሦስተኛው ቀን፣ ዓርብ፣ ዶክተር ይመር ጓሯቸው ውስጥ ድስቱን ሰቀሉና ሰፈሩን ሁሉ ጠሩ። የሚሠሩት ሐሰተኛውን ነበር። ድንቹ የመጨረሻው ነው፣ በርበሬው ከግድግዳው የወረደ ነው። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ከአንድ ድስት ሲበላ ያን ዕለት ነው ያየሁት፤ ማንም የሚከለክለው ነገር ውስጡ አልነበረም። እኔ ሊጥ እቆነጥር ነበር። አጠገቤ መጡና እጄን አዩ። «ተይው፣ ፋጡማ ትቆንጥር» አሉኝ። የቆነጠርሁትን ሊጥ አንሥተው እሳቱ ውስጥ ጨመሩት። የደከመኝ መስሏቸው ነው ብዬ አሰብሁ።

ሰው በልቶ ሲጨርስ ተነሡ። «ያን ዕለት ሥጋ የወሰደ ካለ ለብቻው መጥቶ ይንገረኝ። አልቆጣም፣ ለማንም አልናገርም። ያለኝ መድኃኒት ለከብት የተሠራ ነው፤ ዛሬ ግን ሌላ የለንም። በጊዜ ከተወሰደ ያድናል» አሉ።

ሰይድ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ነበር። አየኝ፣ አየሁት። የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ። የእሱን ብናገር የእኔን መናገሬ ነው። እሱም እንደዚያው ያሰበ ይመስለኛል። ሳህኑን በጣቱ ጠርጎ ላሰና ልጆቹን ይዞ ሄደ።

ጋሽ እብሬ አልመጡም ነበር። ዶክተር ይመር አንድ ሳህን ይዘው ቤታቸው ሄዱ። ጋሽ እብሬ ተቀበሏቸውና ፊታቸው መሬት ላይ ደፉት። ዶክተር ይመር ባዶውን ሳህን ይዘው ተመለሱ። በነጋታው ሌላ ይዘው ሄዱ። ያንንም ደፉት። በሦስተኛው ቀን ጋሽ እብሬ እዚያው በራቸው ላይ ቆመው በሉት።

ቅዳሜ ጠዋት ዶክተር ይመር አስጠሩኝ። ጣቴ ላይ ያለው ቁስል መካከሉ ጠቁሯል። «እንጨት ወጋኝ» አልሁ።

«ይሁን» አሉ። «አንች ያን ዕለት አፈር ስትመልሽ ስለዋልሽ ለጥንቃቄ እወጋሻለሁ። እናትሽም ልብስሽን አጥበው ይሆናል፤ እሳቸውንም ወደዚህ አምጫቸው።»

እናቴ ልብሴን እንዳላጠበች ያውቃሉ። ውኃ አልነበረንም። ዓይኔን ሳያዩ ወጉኝ፣ ጥጡን አቃጠሉት። «በቀን አንድ ጊዜ ትመጫለሽ» አሉ። ስለ ሰይድ ልነግራቸው አፌን ከፈትሁ። ከዚያ «እሽ» ብዬ ወጣሁ።

ሰይድ ያን ዕለት ሆዱን አመመው። ዶክተር ይመርን የጠሯቸው እሑድ ከሰዓት ነው። ወጉት፣ አጠገቡ አደሩ። ሰኞ ሞተ። ሚስቱ ዘሀራ ሥጋውን ልጆቹ አልቀመሱትም፣ ጥሬውን ቆርጦ ቆርጦ ለብቻው ነው የበላው አለች። ቢታመም እንኳ እነሱ እንዳይታመሙ ብሎ እንደሆነ ወይም ርቦት እንደሆነ አናውቅም።

ከዚያ ወዲህ ዶክተር ይመር ሥጋ ያለበት ጉላሽ ሲሠሩ አላየሁም። መንገዱ ተከፈተ፣ ገበያው ተከፈተ፣ ሥጋ ተገኘ። እሳቸው ግን ሐሰተኛውን ብቻ ነበር የሚሠሩት፤ ሲሠሩም ስለ ከብት ጠባቂዎቹ አያወሩም። እኔም ከእናቴ ጋር ወደ ወልድያ ተዛወርሁ። ቅዳሜ መሄድ አቆምሁ።

መርሳ ስደርስ ቀብሩ አልቋል። ግቢው ውስጥ ወንዶቹ ድንኳን ሥር ተቀምጠዋል። ጋሽ እብሬም አሉ፤ ቃሬዛውን እስከ መቃብር ያለ ተቀያሪ የተሸከሙት እሳቸው ናቸው አሉኝ፤ በዚያ ዕድሜያቸው። እኔ ወደ ውስጥ ገባሁ። እትዬ ፋጡማ ሽንኩርቱን አይተው ምንም ሳይጠይቁኝ ተቀበሉኝና ወጥ ለሚሠሩት ሴቶች ሰጡት። ጎናቸው ተቀመጥሁ። ሴቶቹ ሲወጡ ሁለታችን ቀረን።

«እትዬ ፋጡማ» አልሁ። «ያን ጊዜ ከጋሽ እብሬ በሬ ሥጋ ወስጄ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«ሰይድም ሲወስድ አይቼዋለሁ። ዝም አልሁ።»

ምንጣፉን በመዳፋቸው ደለደሉ።

«እሱም ያወቀ ይመስለኛል» አሉ። «ጣትሽን ዓርብ ዕለት ነው ያየው፣ ሊጥ ስትቆነጥሪ። ያኔውኑ ጠይቃት፣ ከማን ጋር እንደወሰደች ትንገርህ አልሁት። ሰው ፊት አላዋርዳትም፣ ነገ ለብቻዋ አለኝ። በነጋታው መጣሽ። ወጋሽ። ጠየቅሃት ወይ ስለው፣ ፊቷን አይቼ አቃተኝ አለኝ። ሰይድ ከሞተ በኋላ እኔ ነኝ የገደልሁት ይል ነበር። እስከ ትናንት ድረስ። የአንዲትን ልጅ እፍረት ለመሸፈን ብዬ ነው ይል ነበር።»

«ለእኔ ለምን አልነገሩኝም?»

«አንቺማ ቅዳሜ መምጣት ተውሽ።»

ተነሥተው ሰው ለመቀበል ወጡ። እኔ እዚያው ቆየሁ። ዶክተር ይመር ቢጠይቁኝ ኖሮ እነግራቸው ነበር? ለማወቅ ሞከርሁ። ያን ጠዋት የነበረውን ክፍል፣ መርፌውን፣ ጥጡን ሁሉ አስታውሳለሁ። መልሱን ግን አላገኘሁትም። እንባም አልመጣም።

አሥር ሰዓት ሲሆን ተሰናብቼ ወጣሁ። የወልድያ ሚኒባስ አስፋልቱ ላይ ሰው እየጫነ ነበር፤ ረዳቱ አንድ ሰው ብቻ ነው የቀረን አለኝ። አልፌው ወደ ውስጥ፣ ወደ ድሮው ሰፈራችን ታጠፍሁ። የእኛ ቤት ተከራይቷል። ሁለት አጥር አልፌ የሰይድ ቤት ደረስሁ። የሸማ መሥሪያው ጉድጓድ ተደፍኖ ጎመን ተተክሎበታል። በሩን አንኳኳሁ።

«ማነው?» አለች ዘሀራ ከውስጥ።

«እመቤት ነኝ» አልሁ። «ስለ ሰይድ የምነግርሽ ነገር አለ።»

የበሩን መወርወሪያ ስትስበው ሰማሁ።